ከጎጃም ደጋ ወደ ቀይ ባሕር፦ ዳይቪንግ ለሚያስብ ሰው

ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርድ መንገደኛ ጆሮው ይደፈናል። ምራቁን ይውጣል፣ ያዛጋል፣ ከዚያ ይከፈትለታል። ያን ሁሉ ጠመዝማዛ ወርዶ፣ 1,300 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ፣ በጆሮው ታምቡር ላይ የተጨመረው ጫና ባሕር ውስጥ 1.3 ሜትር ብቻ ቢጠልቅ ከሚጨመርበት ጋር እኩል ነው። ውሃ እንዲህ ከባድ ነው። 10 ሜትር ሲወረድ ጫናው ከባሕሩ ወለል በላይ ካለው እጥፍ ይሆናል፤ 20 ሜትር ላይ ሦስት እጥፍ፣ 30 ሜትር ላይ አራት እጥፍ።

ስለ ስኩባ ዳይቪንግ (አየር በሲሊንደር ተሸክሞ ባሕር ውስጥ መጥለቅ) የሚገኘው ምክር ከሞላ ጎደል ጠረፍ ላይ ለሚኖር ሰው የተጻፈ ነው። ጠልቆ ሲጨርስ ቤቱ እዚያው ባሕሩ አፍ ላይ ነው። እኛ ደገኞች ነን። ቤታችን ከፍ ያለ ነው፤ የለመድነው ውሃም ጨው የለውም። የመጀመሪያው ነገር የጠላቂውን ጤና ይነካል፤ ሁለተኛው ደግሞ ኮራሉን፣ ባሕር ውስጥ ድንጋይ መስሎ የሚያድገውን እንስሳ። ሁለቱም ከባሕር ዳር ወይም ከደብረ ማርቆስ ሳይነሡ መታሰብ አለባቸው።

ዕቅዱን ከመመለሻው ጀምሩ

ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ብዙ ሰው እንደሚመስለው ኦክስጅን ብቻ ሳይሆን ተራ አየር ነው፤ አምስት እጅ ቢባል አራቱ እጅ ናይትሮጅን። በጫና ውስጥ ሲተነፍሱት ናይትሮጅኑ በደምና በሥጋ ውስጥ ይሟሟል። ቀስ ብለው ሲወጡ በትንፋሽ ቀስ ብሎ ይወጣል። ጫናው በድንገት ከቀነሰ ግን እንደተከፈተ የለስላሳ ጠርሙስ አረፋ ይሠራል። መገጣጠሚያ ይቆረጥማል፣ ቆዳ ይዥጎረጎራል፣ እጅና እግር ይደነዝዛል፤ ሲብስ ሽባ ያደርጋል። ለዚህ ነው ወደ ላይ ሲወጣ በደቂቃ ከ9 ሜትር የማይበልጠው፣ 5 ሜትር ላይም ለ3 ደቂቃ የሚቆመው።

ከውሃው ከወጡ በኋላም የተረፈው ናይትሮጅን ለብዙ ሰዓት ሰውነት ውስጥ ይቆያል። በአውሮፕላን ለሚመለስ ሰው የታወቀው መመሪያ ይህ ነው፦ አንድ ጊዜ ብቻ የጠለቀ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ በተከታታይ ቀናት ወይም ደጋግሞ የጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት ይጠብቅ። መመሪያው የሚያገለግለው እስከ 2,400 ሜትር ላለ ከፍታ ነው፤ መንገደኛ አውሮፕላን ውስጥ ያለው አየር ከዚያ በላይ እንዳይሳሳ ተደርጎ ነው የሚጠበቀው።

አሁን ደብረ ማርቆስን አስቡ። ከተማዋ ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ናት። ለደብረ ማርቆስ ሰው ሳሎኑ ራሱ እንደ አውሮፕላን ክፍል ነው፣ ያውም የማያርፍ። ድሪምላይነር ውስጥ ያለው አየር ደግሞ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ጋር ይመሳሰላል፤ እሱም የባሕር ዳር ከፍታ ነው። ጠረፍ ላይ የሚኖር ጠላቂ ሦስት ሰዓት በርሮ ሲያርፍ ጫናው ይመለስለታል። የእኛ ሰው ግን ቦሌ 2,300 ሜትር ላይ ያርፋል፣ በመኪና ከሆነ በሱሉልታ በኩል ከ2,500 ሜትር በላይ ይወጣል፣ ዓባይ በረሃ ወርዶ ጥቂት እፎይ ይልና ደጀን ላይ እንደገና ከፍ ይላል።

ስለዚህ ለጎጃም ሰው 18 ሰዓት እንደ ዝቅተኛው ወለል ይወሰድ እንጂ በዚያ ልክ አይታቀድ። ለባሕር ዳር ሙሉ 24 ሰዓት፣ ለደብረ ማርቆስና ከዚያ በላይ ላሉ ቦታዎች አንድ ቀን ተኩል ብንል አላበዛንም። ጮቄ ተራራ ጫፍ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ከባሕር በተመለሱ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ እዚያ መውጣት ይቅር። ከጅቡቲ በባቡር ወይም በመኪና ቢመጣም ነገሩ ያው ነው። ተራራው ቀስ ብሎ ስለተወጣ ተራራነቱ አይቀርም።

በተግባር ሲታይ፣ አምስት ቀን ዕረፍት ያለው ሰው የሚጠልቀው በአራቱ ነው፤ የመድረሻውን ቀን ድካም ከቆጠረ በሦስቱ። ቲኬት ሲቆረጥ የመጨረሻው ቀን ባዶ ይተው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ «ለማሳረጊያ አንድ ጊዜ» ብሎ በበረራው ዋዜማ ከሰዓት ይጠልቃል።

ጣና ላይ ለምን አንለማመድም?

ጥያቄው ተገቢ ነው። ሐይቁ በአማካይ 9 ሜትር ገደማ ጥልቀት ያለው፣ ጥልቅ ቢባል 14 ሜትር የሆነ፣ ረጋ ያለ ውሃ ነው። ግን ክረምት ላይ ግልገል ዓባይ፣ ጉማራና ርብ ይዘውት የሚመጡት አፈር ውሃውን ያደፈርሰዋል፤ የተዘረጋ እጅ እንኳ አይታይም። ዳርቻው ላይ ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች አሉ። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ አለ።

ሌላም ነገር አለ። 1,800 ሜትር ላይ የአየሩ ጫና ከባሕር ጠረፉ 80 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ከዚያ ተነሥቶ ጣና ላይ 10 ሜትር የጠለቀ ሰው፣ ሰውነቱ የሚያየው የጫና ለውጥ ባሕር ላይ 12 ሜትር ከጠለቀ ሰው ጋር ይመሳሰላል። ስንት ሜትር ላይ ስንት ደቂቃ መቆየት እንደሚቻል የሚያሳየው፣ ለባሕር የተሠራው ሰንጠረዥ እዚህ አይሠራም።

ለዋና ልምምድ የሆቴል ገንዳ ይበቃል። ኦፕን ዎተር የሚባለው የመጀመሪያ ደረጃ ሥልጠና 200 ሜትር ሳያርፉ መዋኘትና 10 ደቂቃ ያለ ድጋፍ መንሳፈፍ ይጠይቃል። ፍጥነት አይቆጠርም። ገንዳው 20 ሜትር ከሆነ አሥር ጊዜ መመላለስ ሳይሆን አምስት ደርሶ መልስ ነው። ይህን እዚህ ጨርሶ የሄደ ሰው ከሦስትና አራት ቀኑ ሥልጠና አንዱን በድንጋጤ አያባክንም።

የሐኪም ወረቀቱም እዚሁ ይለቅ። ማንኛውም የዳይቪንግ ቤት የጤና መጠይቅ ያስሞላል። አስም፣ የልብ ሕመም፣ የጆሮ ቀዶ ጥገና፣ የሳይነስ ችግር፣ የሚጥል በሽታ ካለ ያለ ሐኪም ፊርማ አያስገቡም፤ እርጉዝ ሴት ጨርሶ አትጠልቅም። ሻርም ኤል ሼክ ደርሶ በዓረብኛ ሐኪም ከመፈለግ ባሕር ዳር ላይ አማርኛ ተነጋግሮ ማስፈረም ይቀላል። መዋሸት ግን አይሆንም፤ መጠይቁን የሚያነበው ባሕሩ ነው።

እርሳሱና ሚዛኑ

ኮራል የሚሰበረው በአብዛኛው በክፉ ሰው ሳይሆን ክብደቱን ባላስተካከለ ሰው ነው። ከሁሉም በላይ ልንናገር የምንፈልገው ይህን ነው።

ጠላቂ ወገቡ ላይ የእርሳስ ክብደት ያስራል፤ ዌትሱቱ (ሙቀት የሚጠብቀው የጠላቂ ልብስ) እና ሰውነቱ ስለሚንሳፈፉ። ገንዳ ውስጥ 4 ኪሎ የበቃው ሰው ባሕር ላይ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ተጨማሪ ይፈልጋል። ቀይ ባሕር በሊትር 40 ግራም ገደማ ጨው አለው፤ ከሌላው ውቅያኖስ በ5 ግራም ይበልጣል፣ የበለጠም ያንሳፍፋል። አዲስ ሰው አልሰምጥ ሲለው ሠራተኛው ችኩል ከሆነ ሁለት ኪሎ ይጨምርለታል፤ ደግሞ ሁለት። ይኼኔ ነው ጥፋቱ የሚጀምረው። የከበደው ሰው ላለመውረድ አየር የሚሞላውን የጠላቂ ጃኬቱን አብዝቶ ይነፋል፤ አየሩ ትከሻውን ወደ ላይ፣ እርሳሱ ወገቡን ወደ ታች ይጎትታል። ቆሞ እንደሚሄድ ሰው ሆኖ ይዋኛል። በፊን (እግር ላይ በሚጠለቀው መቅዘፊያ) የሚመታው ሁሉ ወደ ታች፣ ወደ ኮራሉ ነው።

ልኩ የሚታወቀው እንዲህ ነው። ሲሊንደሩ ውስጥ 50 ባር (ባር የጫና መለኪያ ነው) ሲቀር ውሃው ላይ ቀጥ ብላችሁ ቁሙ። ጃኬቱን ሙሉ በሙሉ አስተንፍሱ። መደበኛ ትንፋሽ ይዛችሁ እግራችሁን ሳታንቀሳቅሱ ብትቆዩ ውሃው ዓይናችሁ ደረጃ ላይ መሆን አለበት። ትንፋሻችሁን ስታስወጡ ቀስ ብላችሁ መስመጥ አለባችሁ። እንደ ድንጋይ ከወረዳችሁ አንድ ኪሎ ይነሣ፤ ግንባራችሁ ከውሃ በላይ ከቀረ አንድ ኪሎ ይጨመር። በሙሉ ሲሊንደር ከተለካ ግን 2 ኪሎ ይደመር፤ በጠለቃው ውስጥ የሚተነፈሰው አየር ያን ያህል ይመዝናልና። ይህን ያልቆጠረ ሰው መጨረሻ ላይ፣ 5 ሜትር ላይ ለ3 ደቂቃ መቆም ሲገባው፣ እንደ ቡሽ ወደ ላይ ይሄዳል።

ክብደቱ ከተስተካከለ በኋላ መሪው ሳንባ ነው። ስትስቡ ትንሽ ከፍ፣ ስታስወጡ ትንሽ ዝቅ። ለውጡ ወዲያው አይመጣም፤ ሁለት ሦስት ሰኮንድ ይዘገያል። ጀማሪ ይህን መዘግየት ስለማያውቅ ጃኬቱን ይነፋል፣ ያስተነፍሳል፣ ይነፋል። ትንፋሽን ጨርሶ መያዝ ግን ክልክል ነው፤ ወደ ላይ ሲወጣ የሚሰፋው አየር ሳንባን ይቀድዳል።

አየሩም ይሰላ። 12 ሊትር ሲሊንደር በ200 ባር 2,400 ሊትር ይይዛል። 50 ባር መጠባበቂያ ከተቀነሰ 1,800 ሊትር ይቀራል። ጀማሪ የውሃው ወለል ላይ በደቂቃ 20 ሊትር ይተነፍሳል ብንል፣ 10 ሜትር ላይ 40 ይሆናል፦ 45 ደቂቃ። 20 ሜትር ላይ 60 ይሆናል፦ 30 ደቂቃ። ጥሩው ኮራል፣ ብርሃን የበዛበት፣ ከ5 እስከ 15 ሜትር ላይ ስለሆነ ጠልቆ መሮጡ ትርፍ የለውም። ኦፕን ዎተር የያዘ ሰው ልኩ 18 ሜትር ነው።

ጆሮን በየግማሽ ሜትሩ፣ ሳያም መክፈት ነው። አፍንጫ ይያዝና በቀስታ ይነፋ። እንቢ ካለ አንድ ሜትር ወደ ላይ ይመለሱ፤ አይታገሉት። ጉንፋን ካለ የዚያን ቀን አይጠለቅም።

ማስክ (የጠላቂ መነጽር) ላይ አንድ የኛ ሴቶች የሚያውቁት ነገር ይግባ። ፀጉር በቅቤ ወይም በቫዝሊን ከተቀባ የማስኩ ጎማ ይንሸራተታል፣ ውሃ ያስገባል፤ ቫዝሊን ጎማውንም ያበላሻል። ሹሩባ በጣም ይመቻል፤ ግንባር ላይ ያለችው አንዲት ዘለላ ብቻ ከማስኩ ሥር እንዳትገባ።

ኮራሉ ራሱ

ከሩቅ ድንጋይ ይመስላል። አንድ ክንድ ያህል ቀርባችሁ ሳትነኩ ብታዩት፣ ላዩ በትናንሽ ጽዋዎች የተሞላ ነው። በየጽዋው ውስጥ ጥቂት ሚሊሜትር የምታህል፣ አፍና በዙሪያው እጆች ያሏት ለስላሳ እንስሳ ተቀምጣለች። ድንጋዩን የሠራችው እሷ ናት፤ ከሥሯ ኖራ እየጣለች። ሥጋዋ ውስጥ በዓይን የማይታይ አልጌ ይኖራል፤ አልጌው ከፀሐይ ምግብ ይሠራል፣ አብዛኛውን ለእሷ ይሰጣል፤ ቀለሟም ከእሱ ነው። ድፍን ኮራል በዓመት 1 ሴንቲ ሜትር ካደገ ጥሩ ነው። ጠረጴዛ የሚያህለው የልጅ ልጆችን ዕድሜ ያየ ነው።

ያቺ ሥጋ እጅግ ስስ ናት፣ በላይዋ የተሸፈነው ዝልግልግም እንዲሁ። በጣት ሲነኳት ሥሯ ካለው ስለታም አጥንት ጋር ትፈጫለች። ቁስሉ ላይ ባክቴሪያና ሌላ አልጌ ይበቅላል። አንድ ሰው ቢነካ ምን ይሆናል የሚል አለ፤ አንዱ ድንጋይ ላይ በቀን ስንት ሰው እንደሚያልፍ ግን ይቁጠር።

በፊን የሚነሣው አሸዋም ይጎዳል። ይህን ጎጃሜ ለመረዳት አይቸገርም፤ አፈር ሐይቅን ምን እንደሚያደርግ ጣና ላይ በየክረምቱ ያያል። ቀይ ባሕር ላይ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ አይገባበትም፤ 20 እና 30 ሜትር አሻግሮ የሚያሳየው ለዚህ ነው፤ ኮራሉም የተሠራው ለዚያ ጥራት ነው። አሸዋ ሲወርድበት ለማራገፍ ጉልበቱን ይጨርሳል፣ ብርሃኑም ይጋረድበታል።

ትልቁ ጉዳት ግን ከሙቀት ነው። ውሃው ከተለመደው የበጋ ጣሪያ 1 ዲግሪ በልጦ ለሳምንታት ከቆየ ኮራሉ አልጌውን ያስወጣል፣ ነጭ ይሆናል። ወዲያው አይሞትም፤ ውሃው ቶሎ ከቀዘቀዘ ሊያገግም ይችላል። በ2024 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ዓለም አቀፍ የኮራል መንጣት ለአራተኛ ጊዜ መድረሱ ታውጇል። የሰሜን ቀይ ባሕር፣ በተለይ የአቃባ ባሕረ ሰላጤ ኮራል፣ ከብዙዎቹ ይልቅ ሙቀት ይችላል። ሌላው ሲያልቅ ሊተርፍ የሚችል ዘር ነው። እንዲህ ያለውን በፊን ማፍረስ ያንገበግባል።

ስለዚህ ውሃ ውስጥ ሲገባ፦ ከኮራሉ 2 ሜትር ከፍ ብሎ መዋኘት፤ ፊንን እንደ መቀስ ወደ ታች ሳይሆን እንደ እንቁራሪት ወደ ጎን መምታት፤ የሚንጠለጠለውን የአየር መለኪያና ትርፍ ሬጉሌተር (መተንፈሻ) ደረት ላይ ማሰር፤ ጓንት አለማድረግ፣ ጓንት ያደረገ እጅ መያዝ ይወዳልና። ማስክ የሚያስተካክል ሰው መጀመሪያ ከኮራሉ ይራቅ። የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች አሸዋማ ቦታ ላይ ሚዛን እየጠበቁ ቢያሳልፏቸው መልካም ነው። ካሜራ ደግሞ ሃምሳ ጊዜ ያህል ሳይጠለቅ ባይያዝ እንመርጣለን። ዓይኑ ስክሪን ላይ የሆነ ሰው እግሩ የት እንዳለ አያውቅም።

የፀሐይ ቅባት ኦክሲቤንዞንና ኦክቲኖክሴት የተባሉት ኬሚካሎች የሌሉበት ይሁን፤ ሃዋይ ሁለቱን ከ2021 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከመሸጥ አግዳለች። ከቅባት ሁሉ ግን ረጅም እጅጌ ያለው የዋና ልብስ ይሻላል። የሞተ ኮራልና ዛጎልም ለስጦታ አይነሣም፤ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ያስይዛል።

የት፣ መቼ፣ ከማን ጋር

ግብፅ ላይ ሻርም ኤል ሼክ፣ ዳሃብና ሁርጋዳ ለጀማሪ ይመቻሉ። ሻርም አጠገብ ያለው ራስ ሙሐመድ ከ1983 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ብሔራዊ ፓርክ ነው። የካቲት ላይ ውሃው 22 ዲግሪ አካባቢ ስለሚሆን 5 ሚሊ ሜትር ዌትሱት ያስፈልጋል፤ ነሐሴ ላይ 28 ስለሚደርስ 3 ሚሊው ይበቃል። ጅቡቲ ላይ ሙሻና ማስካሊ ደሴቶች ዙሪያ ኮራል አለ። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ዌል ሻርክ የተባለው ግዙፍ ዓሣ ይመጣል። እሱን ለማየት ማስክና ፊን ብቻ በቂ ነው፤ ከጎኑ 3 ሜትር፣ ከጅራቱ 4 ሜትር መራቅና አለመንካት ነው።

ከዳይቪንግ ቤቱ የሚጠየቀው የመጀመሪያ ጥያቄ ጀልባው የት እንደሚታሰር ነው። ሁርጋዳ ላይ ሄፕካ የተባለው የአካባቢ ጥበቃ ማኅበር ከ1992 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ቋሚ የማሰሪያ ቦያዎችን (ጀልባ የሚታሰርባቸው ተንሳፋፊዎች) እያስተከለ ይገኛል። ይህ እንደ ጎጃም ደብር ደን የድንጋይ አጥር ነው። አጥሩ ሰው እንዳይገባ ሳይሆን ከብቱ ችግኙን እንዳይረግጥ ነው የተሠራው፤ ቦያውም መልሕቅ ኮራል ላይ እንዳይወድቅ። መልሕቅ ኮራል ላይ የሚጥል ጀልባ ላይ ገንዘብ ተከፍሎም ቢሆን አይወጣም። ሁለተኛው ጥያቄ አንድ መሪ ስንት ሰው ይዞ እንደሚገባ ነው፤ ለጀማሪ ከአራት አይብለጥ። ሦስተኛ፣ ዓሣ ይመግባሉ ወይ? የሚመግቡ ከሆነ ሌላ ይፈለግ። ግሪን ፊንስ በተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም የተደገፈ መርሐ ግብር ነው፤ የእሱ አባል የሆነ ቤት እነዚህን ጥያቄዎች ለምዷቸዋል።

የጅቡቲው የዌል ሻርክ ወቅት ከነቢያት ጾም ጋር መግጠሙን የሚጾም ሰው ከወዲሁ ይወቅ። ጀልባ ላይ የሚቀርበው ምሳ ዶሮ ወይም ዓሣ ነው፤ ቀድሞ መንገር ነው። ግብፅ ላይ «ስያሚ» ብትሉ የጾም ምግብ እንደሆነ ኮፕቶች ስላሉ ይገባቸዋል፤ ፉልና ኮሸሪም የትም አለ። የሚያሳስበን እስከ ሰዓት የሚጾም ሰው ነው። ውሃ ያልጠጣ ሰውነት ናይትሮጅኑን በደንብ አያስወጣም፤ በባዶ ሆድ ደግሞ ጉልበት ይከዳል። ወይ በጾሙ ጊዜ አለመጥለቅ፣ ወይ ከነፍስ አባት ጋር አስቀድሞ መነጋገር።

ችግር ቢመጣ

ከጠለቁ በኋላ ባለው አንድ ቀን ውስጥ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ መደንዘዝ፣ የማይታወቅ ድካም፣ የማዞር ስሜት ወይም የቆዳ ዝንጉርጉርነት ከመጣ ንጹሕ ኦክስጅን ይሰጥ፣ ጋደም ይበሉ፣ ወደ ደጋ አይውጡ። ሕክምናው የጫና ክፍል (የአየሩ ጫና ከፍ የሚደረግበት ዝግ ክፍል) ነው፤ ሻርም፣ ዳሃብና ሁርጋዳ ላይ አለ። ጅቡቲ የሚሄድ ሰው ቅርቡ የት እንደሆነ ከመክፈሉ በፊት ይጠይቅ። የዳይቪንግ ኢንሹራንስ ይገባ፤ ስልኩም ወረቀት ላይ ይጻፍ። ቤት ከደረሱ በኋላ ከታመሙ ለሐኪሙ የሚነገረው የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር «ከሦስት ቀን በፊት ባሕር ውስጥ 18 ሜትር ጠልቄ ነበር» የሚል ይሁን፤ ያለዚያ እንደ ቁርጥማት ወይም እንደ ታይፎይድ ሊታከም ይችላል።

ያቺ የማይጠለቅባት የመጨረሻ ቀን ሥራ አላት። ዕቃው በንጹሕ ውሃ ይታጠባል፤ ሬጉሌተሩ የአቧራ ክዳኑ ሳይደፈን ውሃ ውስጥ አይነከርም። ጥላ ውስጥ ይደርቃል። ከዚያ ማስታወሻ ደብተር ላይ፦ ጨው ውሃ፣ 5 ሚሊ ዌትሱት፣ 12 ሊትር አሉሚኒየም፣ 7 ኪሎ እርሳስ፣ በ50 ባር ዓይን ደረጃ ላይ። በሚቀጥለው ጉዞ ጀልባው ላይ «ስንት ልጨምርልህ?» ሲባል መልሱ ከዚያ ይነበባል።